የአንገት ንፍፊት ነቀርሳና ኤም.አር.አይ፦ የምስሉ ማስረጃ እስከ ምን ድረስ ነው?

የአንገት ንፍፊት ነቀርሳን በኤም.አር.አይ ስለ መመርመር የሚቀርቡ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ በሽታው «ዐይነተኛ ገጽታ» አለው ብለው ይደመድማሉ። ይህ ትችት የጽሑፎቹን ጥቅም ሳይክድ፣ ድምዳሜው የቆመበትን መሠረት ይመረምራል።

ጽሑፎቹ ምስሉን ከበሽታው ሂደት ጋር ማያያዛቸው የሚመሰገን ነው። ንፍፊቱ ገና ሲያብጥ ወጥ ሆኖ ይታያል፤ ጋዶሊኒየም በደም ሥር ሲሰጥም እኩል ይደምቃል። መካከሉ አይብ ወደሚመስል ሙት ሥጋ ሲለወጥ ግን ዳር ዳሩ ብቻ እንደ ቀለበት ይደምቃል፤ ንፍፊቶቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ በዙሪያቸው ያለው ስብም ያብጣል። ድኖ ጠባሳ ሲሆንና በካልሲየም ሲደድር በቲ1ም ሆነ በቲ2 ምስል ይጠቁራል።

ጉድለቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። እንደ ቀለበት የሚደምቅ ንፍፊት ከአፍና ከጉሮሮ በተዛመተ ካንሰርም ይታያል፤ ከታይሮይድ ዕጢ የተዛመተ ካንሰርም ውሃ የቋጠረ ንፍፊት ሊያስከትል ይችላል። መካከሉ ገና ያልሞተ የነቀርሳ ንፍፊት ደግሞ ከሊምፎማ ጋር ይምታታል። ነቀርሳቸው አስቀድሞ የተረጋገጠ ሕሙማንን ብቻ ሰብስቦ የምስላቸውን ገጽታ የሚዘረዝር ጥናት፣ ያው ገጽታ በሌሎች በሽታዎች ምን ያህል እንደሚታይ ሊነግረን አይችልም። «ብዙ ጊዜ ይታያል» ከሚለው ተነሥቶ «በሽታውን ይለያል» ማለት ከማስረጃው አልፎ መሄድ ነው።

ጉዳዩ ሕሙማንን በቀጥታ ይነካል። የአንገት ንፍፊት በአብዛኛው በእጅ የሚዳሰስ በመሆኑ በቀጭን መርፌ ናሙና ለመውሰድ አያስቸግርም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. የኤክስፐርት ምርመራ ከንፍፊት በሚወሰድ ናሙና ላይም እንዲሠራበት መክሯል። ይህ ምርመራ ተሕዋሲው መኖሩንና ሪፋምፒሲንን መቋቋሙን በሁለት ሰዓት ገደማ ያሳያል፤ የመድኃኒት መቋቋምን ግን ምስል ከቶ አያሳይም። እርግጥ በንፍፊት ውስጥ ተሕዋሲያኑ ጥቂት ስለሚሆኑ፣ በናሙናው አለመገኘታቸው በሽታው የለም አያሰኝም። ያን ጊዜ የሚሻለው በአልትራሳውንድ እየተመሩ ናሙናውን መድገም፣ ወይም ንፍፊቱን አውጥቶ ለፓቶሎጂስት ማቅረብ ነው። የንፍፊት ነቀርሳ በብዛት በሚታይባት በኢትዮጵያ፣ የነቀርሳ መድኃኒት በነፃ እየተሰጠ ሕመምተኛውን አስቀድሞ ለውድ ምስል ወጪ መዳረግ፣ ሕክምናውንም ማዘግየት ነው።

ሌላው ችላ የተባለው ነገር የሕክምና ክትትል ነው። መድኃኒቱ እየሠራ ሳለ ንፍፊቱ ሊያብጥ ወይም አዲስ ሊወጣ ይችላል፤ በተለይ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በጀመሩ ሕሙማን ላይ። ይህን ሳያገናዝብ ምስሉን የሚያነብ ሐኪም ሕክምናው ከሽፏል ብሎ ሊሳሳት ይችላል።

ኤም.አር.አይ ተገቢ ቦታ አለው፦ ከጉሮሮ በስተኋላ ያሉ ጥልቅ ንፍፊቶችን ለማየት፣ በሽታው ወደ አንገት አከርካሪ መዝለቁን ለማወቅ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት የመግል ቋቱን ስፋት ለመለካት። ወደፊት የሚወጡ ጥናቶች አንገታቸው ያበጠ ሕሙማንን ሁሉ በተከታታይ ይያዙ፤ ራዲዮሎጂስቱ የናሙናውን ውጤት ሳያውቅ ይፍረድ፤ ፍርዱም ከተሕዋሲና ከፓቶሎጂ ውጤት ጋር ይነጻጸር። አዘጋጆችም ይህን ያላሟላ ጽሑፍ ገጽታን ከመግለጽ አልፎ ስለ መለየት እንዳይናገር ቢጠይቁ መልካም ነው።