የወጅዳ ብስክሌትና የኔ ሞተር

እህቶቼ፣ ‹ወጅዳ› የሚባለውን የሳዑዲ ፊልም ካላያችሁት እዩት። ያያችሁትም ብትደግሙት አይቆጭም። እኔ ሥራ ካለቀ በኋላ ማታ ማታ በስልኬ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። አረብኛው ማድቤትና ሳሎን ውስጥ ስንሰማው የምንውለው የቤት አረብኛ ስለሆነ ብዙው ያለ አስተርጓሚ ይገባል። ፊልሙ ጥሩ ነው። ግን ጥሩ ነው ብዬ ብቻ ላልፈው አልፈልግም፤ የጎደለውም አለ። ይህን የምጽፈው ኮንትራቴ ሲያልቅ አገሬ ገብቼ ሞተር ሳይክል ልገዛ ስላሰብኩ ነው። የአንዲት ልጅ ብስክሌትና የኔ ሞተር ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። «ይሄ ላንቺ አይሆንም» የሚለን ሰው ብዛቱ ነው ያገናኘን።

ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። የሠራችው ሃይፋ አልመንሱር ትባላለች። ሙሉ በሙሉ ሳዑዲ ውስጥ የተቀረጸ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው፤ እሷም ረጅም ፊልም የሠራች የመጀመሪያዋ ሳዑዲ ሴት ናት። ሪያድ ውስጥ አንዳንድ ሰፈር ላይ ሴት ደጅ ቆማ ወንዶችን ስታዝ መታየት ስለማይቻል፣ መኪና ውስጥ ተቀምጣ በሬዲዮ መገናኛ ነበር ሥራውን የምትመራው። በዚያን ጊዜ አገሩ ላይ መደበኛ ሲኒማ ቤት አልነበረም። የደማምና የኮበር ሰዎች ፊልም ማየት ሲያምራቸው የንጉሥ ፋህድን ድልድይ ተሻግረው ባህሬን ይሄዱ ነበር። ሲኒማ ቤት እንደገና የተከፈተው በ2018 ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ወጅዳ የአሥር ዓመት ልጅ ናት። አንድ ቀን አረንጓዴ ብስክሌት በግንብ አናት ላይ የሚንሳፈፍ መስሎ ሲያልፍ ታያለች፤ ለካ መኪና ላይ ተጭኖ ነው። ተከትላው ሱቅ ድረስ ትሄዳለች። ዋጋው 800 ሪያል። እናቷ ሴት ልጅ ብስክሌት አትነዳም፣ ከነዳሽ አትወልጂም ትላታለች። ልጅቷ ግን አምባር እየሠራች ለጓደኞቿ ትሸጣለች፣ መልእክት እያደረሰች ሳንቲም ትቀበላለች። አልሞላ ሲላት ትምህርት ቤቷ የቁርኣን ውድድር ትገባለች፤ ሽልማቱ 1,000 ሪያል ነው። መጨረሻውን ስለምነግራችሁ አትቀየሙኝ፦ ታሸንፋለች፣ በገንዘቡ ምን ታደርጊበታለሽ ሲሏት ብስክሌት እገዛበታለሁ ትላለች፣ ርዕሰ መምህሯም ገንዘቡን ለፍልስጤም እንሰጥልሻለን ብላ ታስቀርባታለች። ብስክሌቱን በመጨረሻ የምትገዛላት እናቷ ናት፤ ባሏ ሌላ ሚስት ባገባባት ማታ።

ፊልሙ በጣም የተዋጣለት ገንዘቡ ላይ ነው። ወጅዳ ሪያሏን ስትቆጥር ካሜራው አይቸኩልም። አምስት፣ አሥር፣ ሃያ እያለች ስትደምር እኛም አብረናት እንደምራለን። 800 ሪያል ለባለ ቤቶቹ የአንድ ማታ የምግብ ቤት ሒሳብ ሊሆን ይችላል፤ በወር 1,000 ሪያል አካባቢ ለምናገኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ውድድሩን ያሸነፈችበት ቦታ ላይ ደግሞ የማይታመም የለም። ገንዘቡ የሷ ነው፣ የምታደርግበትን የሚወስነው ግን ሌላ ሰው ነው። ስንቶቻችን ነን ሐዋላ ልከን ገንዘቡ ምን እንደሆነ ከሰው የሰማን! ሃይፋ አልመንሱር ስለ እኛ አስባ አልሠራችውም። ቢሆንም ያ ትዕይንት የኛም ነው።

ሁለተኛው ጥሩ ቦታ የደጋፊ ጎማው ነው። አብደላህ የሚባል የሰፈር ልጅ ብስክሌት ሊያስለምዳት ይመጣል። ደግ ልጅ ነው፣ ይወዳታል። ግን የሚያመጣላት ብስክሌት እንዳትወድቅ ተብሎ ከኋላ ሁለት ትናንሽ ጎማ የተጨመረበት ነው። ወጅዳ ትናደዳለች። ፊልሙ እዚህ ላይ ስለ ምክር አንድ ትልቅ ነገር ይናገራል፦ ክፉ ሰው ይከለክልሻል፤ ደግ ሰው ደግሞ ደጋፊ ጎማ ይገጥምልሻል። ሁለቱም ቁመትሽን አልለኩም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። አገሬ ገብቼ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼ ደሴ ላሉ ሱቆች ማድረስ እፈልጋለሁ። ለዚህ ሞተር ያስፈልገኛል። ይህን ስናገር የሰማሁትን ምክር ልቁጠርላችሁ። ወንድሜ፦ «ሞተር ምን ያደርግልሻል፣ ባጃጅ ግዢና እኔ ልንዳው።» አጎቴ፦ «ከገዛሽ አይቀር ትልቁን ግዢ፣ ከ200 ሲሲ በታች የሰው መሳቂያ ነው።» እዚህ ያሉ ጓደኞቼ፦ «ስኩተር ይሻልሻል፣ ቀሚስም ለብሰሽ ትነጂዋለሽ።» ሐሙስ ማታ ኮበር ኮርኒሽ ላይ ትልልቅ ሞተር እያጓራ የሚመላለሰው የአሠሪዎቼ ልጅ ደግሞ ሳቀብኝ፤ ለሱ ከ600 ሲሲ በታች ያለው የልጆች መጫወቻ ነው። እኔ በልቤ ያሰብኩት በኛ አገር መካከለኛ የሚባለውን፣ ከ125 እስከ 150 ሲሲ ያለውን ነው። ከሁሉም መሃል እሱን ያለኝ አንድም ሰው የለም።

ቆይቼ ሳስበው ነገሩ ገባኝ። ሰው ስለ ሞተር ሲመክርሽ በራሱ እግር ለክቶ ነው የሚመክርሽ። የአሠሪዎቼ ልጅ ቁመቱ ረጅም ነው፣ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ኮበር ከባሕር እኩል ናት፣ የሚጭነው ራሱን ብቻ ነው። እኔ ቁመቴ 1 ሜትር ከ56 ነው፣ መንገዴ ዳገት ነው፣ የምጭነው ጆንያ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትርን ታልፋለች፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። ከፍ ባልሽ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ የጓደኞቼ ትንሽ ስኩተር ጭነት ይዛ ያን ዳገት ስትወጣ ትለፋለች። የአጎቴ ትልቁ ሞተር ዳገቱን ይወጣል፤ ግን ጠጠር መንገድ ላይ ቆሜ እግሬ መሬት ካልነካ አብረን እንወድቃለን። መካከለኛውን የመረጥኩት ፈርቼ አይደለም። ሒሳቡ እዚያ ስላደረሰኝ ነው።

ሲሲ ብቻውን ምንም እንደማይነግርሽ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ሆንዳ 471 ሲሲ የሆነ አንድ ዓይነት ሞተር በተለያየ አካል ላይ ይገጥማል። ሬብል 500 በሚባለው ላይ መቀመጫው ከመሬት 69 ሴንቲ ሜትር ነው። ሲቢ 500 ኤክስ በሚባለው ላይ ግን ወደ 83 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ሞተሩ አንድ፣ ልዩነቱ ከአሥር ሴንቲ በላይ! በአንዱ ላይ አጭር ሴት ሁለት እግሯን ዘርግታ ትቆማለች፤ በሌላው ላይ በጣቷ ጫፍ ትንጠለጠላለች። «500 ላንቺ ይበዛል» ወይም «500 ያንስሻል» የሚል ሰው የቱን ማለቱ ነው? እነዚህ ደግሞ ወደ 190 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናሉ። የ150 ሲሲ ተራ ሞተሮች በብዛት ከ110 እስከ 150 ኪሎ ናቸው። ሲወድቅ የምታነሺው አንቺ ነሽ፤ መካሪሽ ቤቱ ተኝቷል።

እዚህ ሆነሽም መለካት ትችያለሽ። ጫማ አድርገሽ ግድግዳ ተደግፈሽ ቁሚ፣ ከመሬት እስከ ጭንሽ መጋጠሚያ በሜትር ለኪ፣ ጻፊው። ከዚያ የምትፈልጊውን ሞተር የመቀመጫ ከፍታ ፈልጊና አስተያዪ። መቀመጫው ሰፊ ከሆነ እግርን ስለሚከፍት ቁጥሩ ከሚለው በላይ ከፍ ይልብሻል፤ ስትቀመጪበት ደግሞ ትንሽ ዝቅ ይላል። ሱቅ ስትደርሺ ሳታስነሺው ተቀመጪበት፣ ወደ ኋላ በእግርሽ ግፊው፣ የፍሪሲዮኑን መያዣ ጣትሽ በደንብ ይደርስበት እንደሆነ እዪ። ሻጩ ቢያጉረመርም ያጉረምርም። ልብስ ሰፊም ሳይለካ አይቆርጥም።

ፊልሙ የጎደለው እዚህ ላይ ነው። ወጅዳ በአብደላህ ብስክሌት ሰገነት ላይ ትለማመዳለች፤ አረንጓዴውን ግን ገና ሳትቀመጥበት ነው የወደደችው፣ በቀለሙና በሩጫው። ለአሥር ዓመት ልጅ ያምራል። መጨረሻውም ስጦታ ነው፤ እናቷ ገዛችላት፣ ልጅቷ አብደላህን ቀድማ አውራ ጎዳናው ጫፍ ላይ ደረሰች፣ አለቀ። ፊልሙ ለመፈቀድ የሚደረገውን ትግል አሳምሮ ያሳያል። ከተፈቀደልሽ በኋላ የቱ ይስማማሻል የሚለው ጥያቄ ግን አልገባበትም። ለኛ ደግሞ ሥራው የሚጀምረው እዚያ ነው። ስጦታ የሚሰጠን የለም፤ ተሳስተን ብንገዛ የሁለት ዓመት ላብ ነው የሚወድቀው።

ሌላው ያስቀየመኝ የሾፌሩ ነገር ነው። ኢቅባል ይባላል፣ እንደኛ ስደተኛ ነው። የወጅዳን እናት ሩቅ ያለው ሥራዋ ድረስ ያመላልሳል፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ጥሏት ይሄዳል። አዎ፣ ባለጌ ነው፣ ይጮህባታል። ታዲያ ልጆቹ ቤቱ ድረስ ሄደው፣ አብደላህ በአጎቱ እያስፈራራ ከአገር ትባረራለህ ይለዋል፣ ሰውየውም ይመለሳል። ፊልሙ ይህን እንድንስቅበት ነው የሚያሳየን። እኔ አልሳቅኩም። ኢቃማው በሰው እጅ ያለ ሰው ያን ቀልድ አይስቅበትም። ደግሞ ልብ በሉ፦ በዚያ ፊልም ውስጥ መንዳት እንጀራው የሆነ ሰው እሱ ብቻ ነው። ስለ መንገዱ የሚጠይቀው ግን የለም። እኔ ደግሞ ምክር ብፈልግ መጀመሪያ የምጠይቀው እንደሱ ያለውን ነው፤ በየቀኑ በዚያው መንገድ የሚሠራውን፣ ጎማ የሚቀይረውን፣ ነዳጁን ከኪሱ የሚከፍለውን።

ምክር ሁሉ ይጣል እያልኩ አይደለም፤ ይለይ እያልኩ ነው። የኮምቦልቻ መካኒክ «ለዚህ ሞተር መለዋወጫ እዚህ ይገኛል፣ ለዚያ አይገኝም» ካለኝ ጆሮዬን ከፍቼ እሰማዋለሁ፤ ስለ ሞተሩ ነው የሚያወራው። ሕጉን የሚያውቅ ሰውም ይደመጣል፤ አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2019 ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር መንዳት ስትከለክል ሞተራቸው የቆመባቸው ብዙ ነበሩ። መንጃ ፈቃድ አውጪ፣ ሄልሜት አድርጊ የሚለኝንም አመሰግነዋለሁ። «ሰው ምን ይላል» የሚለኝ ግን ስለ ሰው እንጂ ስለ ሞተር አላወራም። «እኔ ልንዳው» የሚለኝም ስለ ራሱ ነው ያወራው። ወንድሜን እወደዋለሁ፤ ባጃጅ ከፈለገ ግን ለብቻው እንነጋገርበታለን፣ በኔ ሞተር ስም አይደለም።

የሰው አስተያየት ደግሞ ይለወጣል። ወጅዳ በወጣች በዓመቱ፣ በ2013፣ እዚሁ ደማም የሚታተመው አልየውም ጋዜጣ አንድ የሃይማኖት ፖሊስ ባለሥልጣን ጠቅሶ ሴቶች ተሸፋፍነው፣ ወንድ ዘመድ አብሯቸው ሆኖ፣ በመናፈሻ ቦታ ብስክሌት መንዳት ተፈቀደላቸው ብሎ ጻፈ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 2018 ደግሞ ሴቶች መኪና መንዳት ጀመሩ፤ ሞተር ሳይክልም አብሮ ተፈቀደ። ሪያድ ውስጥ ከዚያ ቀን አስቀድመው ሞተር መንዳት የሚማሩ ሴቶች ነበሩ። ትናንት ነውር ያሉት ዛሬ ጎረቤታቸው ሆነ። የሰው አስተያየት በስድስት ዓመት እንዲህ ከዞረ፣ ያንቺ እግር ግን ያው ቁመቱ ነው። ስለዚህ ማንን መስማት ይሻላል?

ፊልሙን ሐሙስ ማታ ሰብሰብ ብላችሁ እዩት። ሲያልቅ ስለ ብስክሌቱ አውሩ፣ ስለ ኢቅባልም አውሩ። ከዚያ እያንዳንዳችሁ በራሳችሁ ገንዘብ ልትገዙት ያሰባችሁትን ነገር፣ ሞተርም ይሁን የልብስ ስፌት መኪና ወይም የእንጀራ ምጣድ፣ አንሱና ለመካሪያችሁ አንድ ጥያቄ አቅርቡለት፦ «ይህን ስትለኝ ቁመቴን፣ መንገዴንና ጭነቴን አውቀህ ነው?» አውቆ ከሆነ ይመከራል። ካላወቀ ምረቃ አድርጋችሁ ተቀበሉትና ሜትራችሁን አውጡ።