የኤሌክትሪክ ዜማና የቤተ ልሔም ምልክት

ጋይንት ውስጥ የምትገኘው ቤተ ልሔም ለማኅሌት ሰው ምን እንደ ሆነች መተረክ ለአንባቢያችን ነገር ማብዛት ይሆንብናል። የድጓ ተማሪ የትም ደብር ተምሮ፣ መጽሐፉን በገዛ እጁ ጽፎ ቢመጣ፣ ለምስክር የሚቆመው በዚያ ነው። ቆማም፣ አጫብርም፣ ተጉለትም የየራሳቸው የዜማ ስልት አላቸው፤ ዳሩ ግን ከሁሉ ይልቅ ተስፋፍቶ የሚገኘው የቤተ ልሔሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓከንሃም የሚባል ወጣት ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ በክቡ የሣር ክዳን ውስጥ የተሸሸገውን ጥንታዊውን ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ አይቶ፣ ለአገሩ ሰዎች በመጽሐፍ አስታውቆ ነበር። ስለ ዜማው ለመጻፍ ግን ሌላ ጆሮ ያስፈልግ ነበር።

የድጓ ምልክት ጠባዩ ልዩ ነው። ይዘት፣ ደረት፣ ቅናት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ እየተባሉ በቃሉ ራስ ላይ የሚቀመጡት ምልክቶች፣ በትውፊት እንደሚነገረው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል የተደራጁት፣ ድምፁ ስንት ደረጃ ወጥቶ ስንት ደረጃ እንደሚወርድ በልክ አይናገሩም። ዜማውን ከመምህሩ አፍ የሰማ ሰው ባያቸው ጊዜ ይታወሰዋል፤ ላልሰማው ግን በብራና ላይ የተነጠቡ ነጥቦችና የተጫሩ ጭረቶች ብቻ ናቸው። ይህን በመንደርደሪያችን ላይ ማስቀመጣችን፣ ከዚህ በታች ስለ አንድ የኤሌክትሪክ ዘፈን ካሴት ለምንሰጠው ፍርድ ስለሚያስፈልገን ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ዜማ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ከዘፋኙ አራት ቅኝት ጋር የሚያደባልቁ ጸሓፊዎች አሉ፤ እኛ ከእነርሱ ጋር አንስማማም፤ የምናነጻጽረው የመማሩንና የማስታወሱን መንገድ ነው።

ከመምህራንም ከተማሪዎችም ዘወትር የምንሰማው ሐዘን «ዘፈናችንን መኪና ገደለው» የሚል ነው። ለሐዘኑ ምክንያት አለው። ከእ.ኤ.አ. 1974 በኋላ በሰዓት እላፊ ምክንያት የምሽቱ ጭፈራ ተዳከመ፤ ነሐስ የሚነፉት ትልልቅ ባንዶች አንድ በአንድ ተመናመኑ፤ ካሴት የሸክላውን ቦታ ወሰደ፤ በኋላም አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ የመለከቱንም፣ የጊታሩንም፣ የከበሮውንም ሥራ ጠቅልሎ ያዘ። በዚህ ዐይነት የተሠራው አብዛኛው ዘፈን ለመስማት የሚያሰለች መሆኑን አንክድም። ነገር ግን በመኪናው ላይ የተመሠረተውን ክስ ከመፍረዳችን በፊት፣ ከቀደምቶቹ አንዱንና ከሁሉም የሚሻለውን ልንመረምር ይገባናል።

ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1946 የተወለደ፣ በዋልያስ ባንድ ውስጥ ኦርጋን በመምታት በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ስሙ የተጠራ ሰው ነው። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1977 «ቸ በለው» የተባለውን ሸክላ አወጣ፤ በ1981 ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ከጓደኞቹ ከፊሉ ሲመለሱ እርሱ ዋሽንግተን ቀረ። በ1985 ያለ ዘፋኝና ያለ ባንድ፣ ብቻውን ሆኖ አንድ ካሴት ቀረጸ። በልጅነቱ የተማረውን አኮርዲዮን መልሶ አነሣ፤ ከእርሱም ጋር የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና ራሱ ምት የሚመታ መኪና አቀናበረ። «ሸሞንሟናዬ»፣ «አምባሰል»፣ «ሽለላ»፣ «ወገኔ» እያለ የመረጣቸው ዜማዎች ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ናቸው።

እነሆ፣ የነገሩ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። ኪቦርድ አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል ደረጃ ከፍሎ ያስቀምጣል፤ ማሲንቆ ግን ደረጃ የለውም፤ ጣት በጭራው ላይ እየተንሸራተተ በሁለት ድምፅ መካከል ያለውን ሁሉ ያሰማል። አኮርዲዮኑም እንደ ኪቦርዱ የታሰረ ነው፤ መንሸራተት አይችልም። ኃይሉ ግን እስራቱን በሌላ መንገድ ይፈታዋል፤ ወደ ዋናው ድምፅ ከመድረሱ በፊት ጎረቤቶቹን ፈጠን ብሎ ይነካካቸዋል፤ ድምፁ ባለበት የሚርገበገብ ይመስላል። የድጓ መምህር ቢሰማው ርክርክን ያስታውሰው ይሆናል። ከዚህም ሌላ አኮርዲዮን የሚተነፍስ መሣሪያ ነው፤ ወናፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ዘፋኝ አየር እንደሚስብ ሁሉ ሐረጉ ይቆረጣል። ከሥሩ የሚመታው መኪና ግን ትንፋሽ የለውም፤ አይደክምም፣ አይፈጥንም፣ አይሳሳትም። የካሴቱ ውበት ከዚህ ከሚተነፍሰውና ከማይተነፍሰው አብሮ መሄድ የመነጨ ነው እንላለን።

ከመሣሪያዎቹ ውስጥ ያማሃ ዲኤክስ 7 የሚባለው የጃፓን ሥራ ነው። በአሜሪካ፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ጆን ቻውኒንግ ባገኘው ስሌት ድምፅ እንዲፈጥር ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበያ ወጣ። ጃፓኖቹ ራሳቸው ከዚያ በፊት በእንዲህ ያለ መሣሪያ ብዙ ሠርተውበታል፤ በ1978 ሆሶኖ፣ ሳካሞቶና ታካሃሺ በቶኪዮ ያቋቋሙት የሎው ማጂክ ኦርኬስትራ፣ ምዕራባውያን ስለ እስያ የፈጠሩትን የተጋነነ ሥዕል በኤሌክትሪክ መሣሪያ እየደገመ ይቀልድበት ነበር። ኃይሉ አይቀልድም፤ የሚያስበው አገሩን ነው። አንድ የሚያስደንቅ ነገር ግን አለ። የአምባሰል ቅኝት አምስቱ ድምፆች፣ በመካከላቸው ባለው ርቀት፣ ጃፓኖች ሚያኮቡሺ ከሚሉት ቅኝት ጋር አንድ ናቸው። ሁለቱን በፒያኖ ላይ በተራ ብንመታቸው የትኛው የወሎ፣ የትኛው የጃፓን እንደ ሆነ ደረጃቸውን አይቶ የሚለይ የለም። የሚለያቸው አካሄዳቸው ነው፦ የት ይዘገያል፣ የት ይሰበራል፣ በየትኛው ድምፅ ያርፋል። እንግዲህ መኪናው ደረጃውን ቢያስተካክል አምባሰልን አያጠፋውም፤ አካሄዱን የማያውቅ ጣት ነው የሚያጠፋው።

ይሁን እንጂ ካሴቱን ያለ ነቀፋ አናልፈውም። «ሽለላ» ላይ ሐሳቡ የተሳካለት አይመስለንም። ሽለላ ጎራዴ የመዘዘ ሰው ትንፋሽ ነው፤ ኃይሉ በቃሉና በጉሮሮው ነው፤ ዜማውን ብቻ ነጥለው ቢያወጡት ፉከራው የሚያስፈራው ሰው ያጣል። ምት የሚመታውም መኪና በአንዳንዱ ዜማ ከሚገባው በላይ ይረዝማል፤ ለውዝዋዜ እንጂ ለማዳመጥ እንዳልታሰበ ያስታውቃል።

ስለ አቀባበሉ የምንለው ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የአሜሪካ ማሳተሚያ ካሴቱን እንደ ገና አሳተመው፤ በዚያን ጊዜ ኃይሉ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ይኖር ነበር። የባሕር ማዶ አድማጮች በደስታ ተቀበሉት፤ እንደ ሕልም የራቀና የማይታወቅ ነገር አድርገው ሰሙት። የእኛ አገር ሰው ግን «ሸሞንሟናዬ» ሲጀምር ያልተዘፈነውን ቃል በልቡ ይዘፍናል። ዘፋኝ የሌለው ዘፈን ለእኛ ዘፋኝ አላጣም። ካሴቱ እንደ ድጓው ምልክት ነው፤ አስቀድሞ ለሰማ ያስታውሳል፤ ላልሰማ ደግሞ የሚያምር ጭረት ሆኖ ይቀራል። ሐሳባችንን የሚይዘውም ይህ ነው፤ ቃሉን የማያውቅ ልጅ በገዛ አገሩ ሲያድግ ካሴቱን እንደ ባሕር ማዶው አድማጭ መስማቱ አይቀርም። ቤተ ልሔም መምህር አላት፤ «ሸሞንሟናዬ» ግን የሚያስመሰክርባት ደብር የላትም።

ከኃይሉ በኋላ የመጡት ሁለቱ የአዲስ አበባ ልጆች፣ ሚካኤል ሰይፉና ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል ስም የሚታወቀው እንደገና ሙሉ፣ ሥራቸውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለውታል። የሚካኤል «ዘላለም» እ.ኤ.አ. በ2016 ወጣ። እነርሱ በኮምፒውተር የአዝማሪን ድምፅ ቆራርጠው ይደጋግሙታል፤ ከኃይሉ ይልቅ ደፋሮች ናቸው። ሆኖም የተቆረጠው ድምፅ አንዳንድ ጊዜ ለጌጥ እንደ ተሰቀለ ጋሻ ይሆንብናል፤ ስለ እነርሱ ሌላ ጊዜ በሰፊው ልንጽፍ እንወዳለን።

ኃይሉ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን ሥራውን ከባስና ከከበሮ መቺ ጋር አወጣ። ምቱን የሚመታው በዚህ ጊዜ ሰው ስለ ሆነ፣ ሲፈጥንም ሲዘገይም ይከተለዋል፤ በ1985ቱ ላይ ያነሣነው ነቀፋ በአብዛኛው እዚህ ተቃልሏል። በመጨረሻው ላይ «የፍቅር እንጉርጉሮ» በሚለው ከበሮውም ባሱም ዝም ይላሉ፤ እርሱ በፒያኖ ብቻውን ይቀመጣል። በዚያ በ12 ደረጃ በታሰረ መሣሪያ ላይ የእንጉርጉሮውን አካሄድ አላጣነውም።