ከተማ እንደ ገጸ ባሕርይ፤ አዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች በሥነ ጽሑፍና በመድረክ

የአማርኛ ልቦለድና ተውኔት ሁለት ቦታዎችን ጠንቅቆ ያውቃል፤ አንደኛው ገጠር ነው፤ ሁለተኛው አዲስ አበባ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የጎጃምን ባላባትና ገባር፣ ካህንና ተማሪ ከነአነጋገራቸው አቁመው አሳይተዋል። በዓሉ ግርማ በ1962 ዓ.ም. በወጣው «ከአድማስ ባሻገር» የዋና ከተማይቱን ምሁር ከነጭንቀቱ ሥሏል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ግን ሰፊ አገር አለ። ባቡርና አውራ ጎዳና የወለዷቸው፣ እርሻና ፋብሪካ ያሳደጓቸው፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ሕዝብ የሞላባቸው ከተሞች በዚያ ይገኛሉ። ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ኪነ ጥበባችን ለእነዚህ ከተሞች ምን ቦታ ሰጣቸው? ሃያሲ ሊያነሣው የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው።

መልሱ የሚያኮራ አይደለም። የመንገድ ዳር ከተማ በገጽም ሆነ በመድረክ ላይ በአብዛኛው የምታገለግለው ለማረፊያነት ነው። ገጸ ባሕርዩ ከመኪና ይወርዳል፣ ምሳውን ይበላል፣ አቧራውን አራግፎ መንገዱን ይቀጥላል። ወይም ለቅዳሜና እሑድ ወደ ሶደሬ ፍል ውሃ ወርዶ ከፍቅረኛው ጋር ይዝናናል። ምሳውን ያቀረበችለት ሴትና በጋሪ ያደረሰው ወጣት ግን ስም እንኳ አይኖራቸውም። ከተማይቱ ከተዋንያኑ ጀርባ የተዘረጋች መጋረጃ ናት እንጂ ገጸ ባሕርይ አይደለችም። በ2007 ዓ.ም. በይፋ የተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ደግሞ ይህን የችኮላ አመለካከት አጠንክሮታል። ቀድሞ በቢሾፍቱና በሞጆ መሐል ለመሐል ያልፍ የነበረው መንገደኛ ዛሬ ከተሞቹን ከሩቅ አይቶ ያልፋቸዋል፤ ደራሲውም እንደ ተሳፋሪው ሆኗል።

በዓለም ሥነ ጽሑፍ የአነስተኛ ከተማ ኑሮ ችላ የተባለ ጭብጥ አይደለም። ሩሲያዊው አንቶን ቼኾቭ በ1901 እ.ኤ.አ. ለመድረክ በበቃው «ሦስቱ እህትማማቾች» የክፍለ ሀገር ከተማን ኑሮ ከሞስኮ ናፍቆት ጋር አያይዞ ዘመን የማይሽረው ተውኔት አድርጎታል። በዚያ ተውኔት ውስጥ የሐዘኑ ምንጭ ርቀት ነው። አዳማ ግን ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች፤ ጠዋት የወጣ ሰው ማታ ቤቱ ይገባል። የአዳማ ልጅ ከዋና ከተማይቱ ጋር ያለው ግንኙነት ስለዚህ ከቼኾቭ እህትማማቾች የተለየ ነው። አዲስ አበባ ቅርብ በመሆኗ አትናፈቅም፤ ኑሮዋ ውድ በመሆኑም አታስጠጋም። የምትልከው የስብሰባ እንግዳና የሳምንት መጨረሻ ጎብኚ፣ ከጅቡቲ የምታስመጣው ጭነት የእነዚህ ከተሞች እንጀራ ሆኗል። ይህን ዓይነቱን ጥገኝነት ከውጭ በተዋሰ ናፍቆት መግለጽ አይቻልም፤ ከቦታው ተቀድቶ መጻፍ አለበት።

ለዚህ የሚሆን ጥሬ ሀብት ሞልቷል። የመጀመሪያው የከተማይቱ ስም ራሱ ነው። «አዳማ» የሚለው ስም ቁልቋልን ከሚያመለክተው የኦሮምኛ ቃል የመጣ እንደ ሆነ ይነገራል። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከመጽሐፍ ቅዱስ ተወስዶ «ናዝሬት» ተባለች፤ በኋላም የቀድሞ ስሟ በይፋ ተመለሰላት። ይሁን እንጂ ሁለቱም ስሞች ከሰው አፍ አልጠፉም። አንድ ገጸ ባሕርይ «ናዝሬት» ሲል ሌላው «አዳማ» ብሎ ቢመልስለት፣ ተመልካቹ የሁለቱን ዕድሜ፣ አስተዳደግና አቋም ለመጠርጠር ረዥም ንግግር አያስፈልገውም። አንዲት ቃል ይህን ያህል የምትሸከምበት ከተማ ለተውኔት ጸሐፊ ትልቅ በረከት ናት።

ሁለተኛው ሀብት የሥራ ታሪክ ነው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በወንጂ ያቋቋመው የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በሜዳው ላይ ከብቱን ያሰማራ የነበረው የጅሌ ኦሮሞ ከግጦሹና ከአዋሽ ዳር ተገፋ፤ ሸንኮራ ለመቁረጥ ደግሞ ከከምባታና ከሐዲያ ብዙ ሰው መጣ። በ1952 ዓ.ም. ከኢጣሊያ በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ ወንዙን አቁሮ ለዋና ከተማይቱ መብራት ሰጠ። አንዱ በተፈናቀለበት ሜዳ ሌላው እንጀራውን አገኘ፤ ሦስተኛው ደግሞ በሩቅ ሆኖ በስኳሩ ሻዩን አጣፈጠ፣ በመብራቱ መጽሐፉን አነበበ። ይህ ሁሉ ቅራኔ በአንድ ወንዝ ዳር ተሰብስቦ ሳለ ጸሐፊ ጭብጥ አጣሁ ሊል አይችልም።

ዝርዝሩም ቢሆን ጥናት ይጠይቃል። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት በዚያ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል። በወንጂ ለረዥም ዓመታት የጉድጓድ ውሃ ከጠጡት ሠራተኞች መካከል አጥንታቸው ታሞ እስከ መጉበጥ የደረሱ እንደ ነበሩ በሕክምና ጥናት ታውቋል። የወንጂን ሠራተኛ በመድረክ የሚያቀርብ አዘጋጅ የተዋናዩን ጥርስ ያበለዘው ለማሳቅ ከሆነ ሐሰት ሠርቷል፤ የውሃውን ታሪክ ለመናገር ከሆነ ግን የሠራው እውነት ነው። ቀለሙ አንድ ሲሆን ኪነ ጥበቡ ሁለት ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው ጉዳይ ቋንቋ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አዳማ 220,212 ነዋሪዎች ነበሯት። ከመቶው 39 ያህሉ ኦሮሞ፣ 35 ያህሉ አማራ፣ 12 ያህሉ ጉራጌ፣ 5 ያህሉ ስልጤ ነበሩ። አፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲጠየቅ ግን አማርኛ ያሉት ከመቶ 59 ያህል፣ ኦሮምኛ ያሉት 26 ያህል ሆነው ተገኙ። ሁለቱን የቁጥር ረድፎች አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያነበበ ጸሐፊ የዚያችን ከተማ ድራማ አገኘው ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው አፉን የፈታው የእኔ ነው በሚለው ብሔረሰብ ቋንቋ አልነበረም። አያቱ በኦሮምኛ የምትነግረውን ተረት በአማርኛ ካልተተረጎመለት በቀር የማይሰማ የልጅ ልጅ ያለበት ቤት አለ። በኦሮምኛ የሚሸጥ፣ በአማርኛ የሚከራከር፣ በጉራግኛ የሚቆጥር ባለ ሱቅ አለ።

ታዲያ መድረኩ ይህን ሀብት ምን አደረገበት? በአመዛኙ ለሳቅ ተጠቀመበት። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው በአስቂኝ ተውኔቶች ውስጥ ደጋግሞ የሚቀርበው ዘበኛ፣ የቤት ሠራተኛ ወይም ቸርቻሪ ሆኖ ነው። ሴቱን በወንድ፣ ወንዱን በሴት አንቀጽ እየጠራ፣ ቃሉን እየሰበረ አዳራሹን ያስቃል። እዚህ ላይ ጥፋቱ ተመልካቹ መሳቁ አይደለም። ጥፋቱ ያ ሰው በራሱ ቋንቋ ሲናገር የሚደመጥበት ትዕይንት አለመጻፉ ነው። በአማርኛ የሚንተባተበው ሰው በኦሮምኛ አስታራቂ ሽማግሌ፣ በሐዲይኛ ቀልድ አዋቂ፣ በጉራግኛ ባለ ግጥም ሊሆን ይችላል። ግማሹን ብቻ ያየ ተመልካች ሙሉውን ያወቀ ይመስለዋል፤ ከቴአትር ቤት ሲወጣም ያንን ግማሽ ሰው በአእምሮው ይዞ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል።

ይህን ስሕተት ለማረም የተመረጠው መንገድ ደግሞ ሌላ ስሕተት አለበት። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ በየቀበሌው፣ በየፋብሪካውና በየክፍለ ሀገሩ የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች የብሔረሰቦችን ዘፈንና ጭፈራ በአንድ መድረክ ማቅረብን ልማድ አደረጉ። ቀድሞ መድረክ ያላገኙ ዜማዎች መደመጣቸው የማይካድ ውለታ ነው። ይሁን እንጂ አቀራረቡ ልብስ እየለወጡ ተራ በተራ ከመውጣት አልፎ ብዙም አልሄደም። አንዱ ጭፈራ ሲያበቃ ሌላው ይተካል፤ ተጫዋቾቹ አይነጋገሩም፣ አይበዳደሩም፣ አይጋቡም፣ አይካሰሱም። ከተማ ግን እነዚህ ሁሉ ናት። በ1990ዎቹ የኦሮሚያ ክልል መቀመጫ ወደ አዳማ ሲዛወር ተቃውሞ ተነሥቷል፤ በ1997 ዓ.ም. ሰኔ ወር ወደ አዲስ አበባ እንዲመለስ ተወስኗል። በጥቅምትና በሰኔ 2012 ዓ.ም. በተነሡት ግጭቶች በአዳማ፣ በሻሸመኔና በሌሎች ከተሞች የሰው ሕይወት ጠፍቷል፣ ንብረት ወድሟል። «ተፋቅረን ኖርን» ከሚል መዝሙር ሌላ ያልተለማመደ መድረክ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ የሚናገረው ያጣል። ጎረቤት ጎረቤቱን ሲያሳድድም ሆነ ሲሸሽግ ምን እንደሚያስብ አስቀድሞ አልመረመረምና።

መልካም አርአያ ግን ጨርሶ አልጠፋም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1966 ዓ.ም. በታተመው «እሳት ወይ አበባ» የአዋሽን ወንዝ እንደ ሰው አናግሮታል። ወንዙ እንዲህ ከተናገረ በዳርቻው ያሉት ከተሞች የማይናገሩበት ምክንያት የለም። የድሬዳዋው ልጅ ዓሊ ቢራም ከኦሮምኛ ሌላ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዐረብኛ ጭምር አዚሟል። ቋንቋዎቹን እንደ ልብስ አልለዋወጣቸውም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ድምፁ ያው የእርሱ ነበር። ይህ ታላቅ ድምፃዊ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ያረፈው በአዳማ ነው።

እንግዲህ የሚጠበቀው ሥራ ግልጽ ነው። ጸሐፊው ከምሳ በኋላ መኪናው ላይ ከመሳፈር ይልቅ አዳማ ማደርን ይልመድ። መምህሩ ተማሪዎቹ የአያቶቻቸውን ተረት በተነገረበት ቋንቋ ጽፈው እንዲያመጡ ያድርግ። የባህል ተቋማት የሥራ ኃላፊም በሁለትና በሦስት ቋንቋ የተጻፈ ተውኔት ሲቀርብለት በየትኛው ቋንቋ እንመዝግበው ብሎ አይመልሰው። በአንድ መድረክ ላይ ኦሮምኛውም አማርኛውም ጉራግኛውም በየተራቸው ዋና ሆነው ሲደመጡ፣ ሁሉን የሚሰማ ተመልካች ጥቂት ሊሆን ይችላል። ያልገባውን ቃል ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው ጠይቆ የሚረዳ ግን ብዙ ነው። እንዲህ የሚጠያየቅ አዳራሽ የተገኘ ቀን መድረኩ አዳማን መሰለ ማለት ይቻላል።