የናይሮቢ አየርና የብልጭታው ክፍተት

በቅርቡ ወደ ሙያችን የገባ አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ይህ መሣሪያ ስንት ኪሎቮልት ያወጣል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የጀማሪ ሁሉ ጥያቄ ነው፤ እኔ ግን የኤሌክትሮማግኔት ምት አመንጭቶ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃን ጽናት የሚፈትን መሣሪያ ለመንደፍ የተነሣ ሰው፣ ከቮልቱ አስቀድሞ የሚሠራበትን አገር አየር ሊመረምር ይገባዋል ባይ ነኝ።

ጀርመናዊው ኤርቪን ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1924 በገለጠው፣ እንዲህ ያለውን ምት በሚያመነጨው ጄኔሬተር ውስጥ፣ ምቱ የሚወለድበትን ቅጽበት የሚወስነው የብልጭታው ክፍተት፣ ማለትም ብልጭታው የሚዘልበት የአየር ክፍተት ነው። በባሕር ወለል አጠገብ የአንድ ሴንቲሜትር ክፍተት 30 ኪሎቮልት ያህል ሲታገሥ፣ እኔ በምሠራባትና 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በተቀመጠችው በናይሮቢ ግን አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ብልጭታው በ25 ኪሎቮልት አካባቢ ይዘላል። ስለዚህ ለባሕር ጠረፍ ከተማ የተነደፈ መሣሪያ እዚህ ሲመጣ ኃይሉን የሚያከማቹት ካፓሲተሮች ሳይሞሉ ይተኩሳል፤ የተፈተነውም ዕቃ ያልተቀበለውን ፈተና እንዳለፈ ሆኖ የሐሰት ምስክርነት ይጻፍለታል።

«ክፍተቱን ማስፋት ይበቃል» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ለመብረቅ ፍተሻ፣ ማለትም በ1.2 ማይክሮሴኮንድ ለሚነሣው ሞገድ፣ ምክራቸው ያስኬዳል። ነገር ግን በከፍተኛ ሰማይ ላይ የሚፈነዳ ኑክሌር የሚያስነሣውን፣ በ2.5 ናኖሴኮንድ ውስጥ በሜትር 50 ኪሎቮልት የሚደርሰውን ምት ለመምሰል ሲፈለግ፣ የረዘመ ብልጭታ ኢንዳክታንሱ ስለሚጨምር የምቱ አነሣሥ ይዘገያል፤ የዘገየ ምት ደግሞ ቁመቱ ምንም ያህል ቢሆን ሌላ ምት ነው። ስለዚህ ክፍተቱ ጠብቦ፣ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ግፊት ባለው ደረቅ ናይትሮጅን ይከበብ እላለሁ፤ ያን ጊዜ ናይሮቢም በባሕር ጠረፍ ያለችው ሞምባሳም ለብልጭታው አንድ ይሆናሉ። በዚህ አሳብ ከብዙዎች ጋር ተከራክሬያለሁ፤ ዛሬም አልለወጥሁትም።

የኑክሌሩ ምት ተረት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ከፓሲፊክ ውቅያኖስ በላይ በ400 ኪሎሜትር ከፍታ የተደረገው የኑክሌር ፍንዳታ፣ 1,400 ኪሎሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሃዋይ የመንገድ መብራቶችን አጥፍቷል። ለእኛ ግን የየዕለቱ ፈታኝ መብረቅ ነው፤ የቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ ነጎድጓድ ከሚበዛባቸው የዓለም ክፍሎች አንዱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በኤምፔሳ፣ ማለትም በስልክ፣ የሚላከው የድኻው ገንዘብ የሚያልፈው መብረቅ በሚያሰጋቸው የስልክ ማማዎች በኩል ነው።

እኔ ያደግሁት በጎንደር ደጋ ነው፤ በክረምት መብረቅ ሲወርድ እናቴ «እግዚኦ» እያለች በሩን ትዘጋ ነበር። ያ ኃይል የሚታዘዝለት ሥርዓተ ፍጥረት በእናቴ ደጃፍም በዚህ በናይሮቢ ቤተ ሙከራም አንድ መሆኑን ባሰብሁ ቍጥር ሙያዬን አብልጬ እወደዋለሁ።

ክፍተታችሁን በግልጥ አየር የምታሠሩ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ በፍተሻው ወረቀት ላይ ከኪሎቮልቱ አጠገብ የዕለቱን የአየር ግፊት መዝግቡ፤ ያልተመዘገበበትንም አትፈርሙ።