ደጅ የቀረው ታላቅ ወንድም

«ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ መጻፍ ውሸት አይደለም ወይ?» የሚሉኝ አማኝ አንባቢዎች አሉ። ጥያቄውን አልንቀውም። ነቢዩ ናታን ዳዊት ፊት ቆሞ የተረከው ባለ አንዲት በግ ድኻ በምድር ላይ አልነበረም፤ ንጉሡ ግን በቁጣ ፈረደ፤ የፈረደውም በራሱ ላይ ሆነ። ፊት ለፊት ቢወቀስ ኖሮ ሰበብ መደርደሩ አይቀርም ነበር።

እኔ ግን ሙያዬን ከሁሉ በላይ የምማረው ከሉቃስ ምዕራፍ 15 ነው። ስለ ጠፋው ልጅ ሲሰበክ ብዙ ጊዜ የሰባው ፍሪዳ ሲታረድ ስብከቱም ያበቃል። ታሪኩ ግን ገና ነው። ታላቁ ልጅ ከእርሻ ሲመለስ ዘፈኑን ሰምቶ አልገባም ብሎ ደጅ ይቀራል፤ አባትየው ወጥቶ ይለምነዋል። ከዚያስ? ገባ ወይስ ቀረ? አልተነገረንም። ሲያጉረመርሙ የነበሩት ፈሪሳውያንና ጻፎች እየሰሙ ነበርና መልሱ የእነርሱ ፋንታ ነበር።

እኛ ክርስቲያን ደራሲዎች ታሪኩን ለመቋጨት እንቸኩላለን። አመሉም የቆየ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጦቢያ፣ የሚያልቀው ንጉሡ ክርስትናን ተቀብሎ ነው። እኔን የሚነካኝ ግን ከዚያ በፊት፣ የማያውቀውን ምርኮኛ ለማስለቀቅ ገንዘቡን የሰጠው ነጋዴ ነው። እምነትን እዚያ አየዋለሁ።

አሁን በምጽፈው ታሪክ ልጇን የቀበረች እናት አለች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ለቀስተኛው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲላት ዝም ትላለች። የንስሐ አባቷ ሲመጡ መስቀሉን ትሳለማለች፤ «አሜን» ግን ከአፏ አይወጣም። ረቂቁን ያነበቡ ወዳጆቼ «መጨረሻ ላይ እንኳ ትጸልይ እንጂ» ይሉኛል። ጸሎት ላስነብባት እችላለሁ፤ ጸሎቱ ግን የእኔ እንጂ የእሷ አይሆንም። በመጽሐፈ ኢዮብም ቢሆን የተወቀሱት ለእግዚአብሔር ጥብቅና የቆሙት ወዳጆቹ ናቸው፤ ሲያማርር የከረመው ኢዮብ ቅን ተናገረ ተባለለት።

የአርባውን ዕለት እየጻፍኩ ነው። የንስሐ አባቷ ተመልሰው ይመጣሉ። ጥቅስ አይጠቅሱላትም፤ ልጁ በልጅነቱ ምን ዓይነት እንደነበረ ይጠይቋታል፤ እሷም ትነግራቸዋለች።