ግጥሙና ፓምፑ፤ ስለ አንድ የሱዳን ልብ ወለድ

ሱዳናዊው ደራሲ ጠይብ ሳሊህ እ.ኤ.አ. በ1966 በዐረብኛ ያሳተመው፣ በዐማርኛ «ወደ ሰሜን የፍልሰት ወቅት» ልንለው የምንችለው ልብ ወለድ በአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ከታወቁት ሥራዎች አንዱ ነው። ሐያስያን ብዙውን ጊዜ የሚመለከቱት ከቅኝ አገዛዝ አንጻር ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንሻው በመምህርነት ዓይን ነው፤ ይኸውም ውጭ አገር ሄዶ ስለ መማርና የባዕድ ቋንቋ ስለ ማጥናት የሚያስተምረን ምንድን ነው? በማለት ነው።

ተራኪው አውሮፓ ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ እምብዛም ስለማይታወቅ እንግሊዛዊ ገጣሚ ጽፎ፣ ዶክተር ተብሎ በዐባይ ዳር ወደምትገኘው መንደሩ ይመለሳል። በዚያም ከሌላ አገር መጥቶ የሰፈረ ሙስጠፋ ሰዒድ የሚባል ገበሬ ያገኛል። ገበሬው ለዚህ አገር ግጥም እንደማያስፈልገው፣ እርሻ ወይም ምህንድስና ወይም ሕክምና ቢያጠና ይሻል እንደ ነበር ይነግረዋል። በዐባይ ዳርቻ የቀድሞው የውሃ መሳቢያ መንኰራኩር ቀርቶ ፓምፕ በተተከለበት መንደር ይህ ምክር ላይ ላዩን ሲታይ ትክክል ይመስላል። ዛሬም ስንት ወላጅ ለልጁ ይህንኑ ይመክራል!

ደራሲው ግን ነገሩን በዚህ አይተወውም። ብዙም ሳይቆይ ያው ገበሬ መጠጥ ሞቅ ሲያደርገው የእንግሊዝኛ ግጥም ጥርት አድርጎ ሲወርድ ይሰማል። ሙስጠፋ በ1898 እ.ኤ.አ. ካርቱም ተወልዶ፣ በተማሪ ቤት እንግሊዝኛን ከጓደኞቹ ሁሉ ቀድሞ በመያዙ ወደ ካይሮ፣ ከዚያም ወደ ለንደን ተልኮ የምጣኔ ሀብት መምህር እስከ መሆን የደረሰ ሰው ኖሯል። በኋላ ምሥጢራዊ ክፍሉ ሲከፈት በመጻሕፍት የተሞላ ሆኖ ይገኛል፤ ከዚያ ሁሉ ግን አንድም የዐረብኛ መጽሐፍ የለም፤ ቁርኣኑ ሳይቀር በእንግሊዝኛ ነው። ቋንቋን አጥንቶ የራሱን የዘጋ ሰው ክፍል ይህ ነው። በአንጻሩ ለመንደሩ የእርሻ ማኅበር ወፍጮና የኅብረት ሱቅ እንዲቋቋም ሐሳብ ያቀረበው፣ ትምህርቱም ለሰው የጠቀመው፣ ከገበሬዎቹ ጋር በገበሬዎቹ ቋንቋ ሲመክር ነው።

የመጽሐፉ ኃይል እዚህ ላይ ነው። ጉድለት አለው ብንል ግን፣ ከውጭ የተመለሱት ሁለቱም ዋና ሰዎች አንዱ የምጣኔ ሀብት፣ ሌላው የግጥም ሊቅ መሆናቸው ነው። ቀን ቀን ከመኪናና ከስሌት፣ ማታ ማታ ከሰዋስው ጋር የሚታገለው ተማሪ በመካከላቸው የለም። ስለዚህ ግጥምና ፓምፕ፣ ቋንቋና ሙያ የማይገናኙ ሆነው ይቀራሉ።

እውነተኛው ኑሮ ግን ያገናኛቸዋል። ከአዲስ አበባም ሆነ ከካርቱም ምህንድስና ለመማር ጀርመንን የሚያስብ ወጣት ጥቂት አይደለም። በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው ዲግሪ ትምህርት የሚሰጠው በጀርመንኛ ስለሆነ፣ ከመግባቱ በፊት ከፍተኛ የቋንቋ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥባቸው ክፍሎች ብዙ ናቸው፤ ይሁን እንጂ በፋብሪካው የሥራ ልምምድ ላይ ያለው ሠራተኛ፣ የማሽኑ መመሪያና የቤት አከራዩ የሚናገሩት ጀርመንኛ ነው። እንግሊዝኛ ይበቃኛል ብሎ የሄደ ተማሪ ከክፍሉ ውጭ እንግዳ ሆኖ ይቀራል።

ተማሪዎቻችን ግን ሊፈሩ አይገባም። ጀርመንኛ በጥገኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ግሡን ወደ መጨረሻ ይወስዳል፤ ግሥን መጨረሻ ላይ መጠበቅ ደግሞ ለዐማርኛ ተናጋሪ አዲስ ነገር አይደለም። የሙያ ቃላቱም እርስ በርስ የተጋጠሙ ናቸው። «ቫሰር» ውሃ፣ «ክራፍት» ኃይል፣ «ቬርክ» የሥራ ተቋም መሆኑን ያወቀ ተማሪ «ቫሰርክራፍትቬርክ» የውሃ ኃይል ማመንጫ መሆኑን ሳይነገረው ይደርስበታል። እንዲህ ሲሆን ሰዋስውና ምህንድስና አንድ ትምህርት ይሆናሉ።

ከጀርመኖችም ወገን በእኛ ቋንቋ የደከመ አለ። ሂዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1652 ጎታ ከተማ ተቀምጦ ተምሮ፣ በ1698 የዐማርኛ ሰዋስው አሳትሟል። አባ ጎርጎርዮስም የራሳቸውን ቋንቋ ጠንቅቀው ባያውቁ ኖሮ ለባዕዱ ሊቅ የሚሰጡት ባልነበራቸው።

ካርቱም በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ስትመታ ብዙ ተማሪ ከትምህርቱ ተነቅሎ ተሰዷል። ለእነዚህ ወጣቶች ፍልሰት በፈቃድ የሚመረጥ ወቅት አይደለም። ከያዙት ሁሉ ሳይቀማ አብሮአቸው የሚሻገረው በአእምሮአቸው ያለው ሙያና ቋንቋ ነው።

ስለዚህ መምህራን ተማሪውን «ምህንድስና ወይስ ቋንቋ?» እያልን እንድናስመርጠው አይገባም። ሁለቱንም ይያዝ፤ የገዛ ቋንቋውን መጽሐፍ ግን ከመደርደሪያው አያውርድ።