ከቁም ሳጥኑ በፊት

ይኸውላችሁ፣ ባለፈው ቅዳሜ ለእህቴ ልጅ የሲ. ኤስ. ሉዊስን የናርኒያ ተረት ሳነብላት ገና ከመጀመሪያው ገጽ አስቆመችኝ። እ.ኤ.አ. በ1950 በታተመው በዚህ መጽሐፍ አራት ልጆች በጦርነቱ የአየር ድብደባ ምክንያት ከለንደን ወጥተው ገጠር፣ አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ቤት ይላካሉ።

«እናታቸውስ?» አለችኝ።

እኔ ሆዬ ይህንን መጽሐፍ ስንት ዓመት ሙሉ ሳስተምር፣ ስለ አንበሳውና ስለ ጠንቋይዋ ስተነትን ኖሬ ይህን አንድም ቀን አልጠየቅሁም። ደራሲውም ስንብቱን ዘሎ ወደ ቁም ሳጥኑ ነው የሚሮጠው። መልስ ስላጣሁ ገጹን ገለጥኩት።

ትልቁ ታሪክ ግን ከቁም ሳጥኑ በፊት ያለው ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 በተጀመረው ዘመቻ በጥቂት ቀናት ውስጥ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው፣ አብዛኛው ልጅ፣ ከብሪታኒያ ከተሞች ወጣ። ልጆቹ ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት ተንጠልጥሎባቸው፣ የመርዝ ጋዝ ጭምብላቸውን በካርቶን ይዘው ባቡር ላይ ተሳፈሩ። ገጠር ሲደርሱ አዳራሽ ውስጥ ተደርድረው፣ ተቀባዩ እንደ ገበያ በግ እያገላበጠ የመረጣቸው ብዙ ናቸው። ጉልበት ያለው ቀድሞ ተወሰደ፤ ከሲታው እስኪመሽ ቆመ። ዘመቻውን ደግሞ ምን ብለው ቢሰይሙት ጥሩ ነው? በዋሽንት ነፊው ተረት! በተረቱ እኮ ዋሽንት ነፊው የከተማውን ልጆች አስከትሎ ይወጣል፤ ልጆቹም በዚያው ይቀራሉ። ስም አውጪው ተረቱን እስከ መጨረሻው አላነበበውም መሰለኝ።

«ታዲያ ቦምብ ይብላቸው?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ1940 ለንደን ለ57 ተከታታይ ሌሊቶች ተደብድባለች፤ መውጣታቸው ነፍስ አትርፏል። ነገር ግን በዚያችው ለንደን የሕፃናት ማቆያ ከፍተው የነበሩት አና ፍሮይድና ዶሮቲ በርሊንግሃም እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሕፃናቱን ከድብደባው ይልቅ ከእናት መለየቱ እንደጎዳቸው ጽፈዋል። ተረቱ የዘለለው ይህንን ነው።

እኔስ ለምን ዘለልኩት? በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ሰሞን፣ እናቴ እኔንም ከአዲስ አበባ አውጥታ ገጠር ለአያቴ ሰጥታኛለች። ወረቀት አልተንጠለጠለብኝም፤ «አደራ» ተብሎልኛል። ማንም እንደ በግ አልመረጠኝም፤ እንዲያውም አያቴ አሞላቅቃኝ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ስመለስ ታዲያ በር ላይ ለቆመችው ሴትዮ ጎንበስ ብዬ «እንደምን ዋሉ?» አልኳት። እናቴን፣ አንቱ! ሳቀች። ከዚያ ጓዳ ገባችና ብዙ ቆየች።

እንግዲህ ናርኒያን ለልጆቻችሁ አታንብቡ አልልም፤ ግሩም መጽሐፍ ነው። «እናታቸውስ?» ብለው ከጠየቋችሁ ግን፣ እንደ እኔ ገጹን ገልጣችሁ አትለፏቸው።